የእጅ ሚዛን

ከጦሳ የወረደው ጭጋግ ሳይገፈፍ፣
የኑርዬ ሱቅ በር ቆመናል በሰልፍ፤
እኔ፣ ወንድሜ ሙሄ፣ አባቴ ሦስተኛ፣
አንድ ዓይኑ በፋሻ፣ አንዱም እንደተኛ።
ቦሩ ሜዳ ያለው ሐኪም «ይረፍ» ቢልም፣
«ገበያ» ሲባል ሰምቶ ቤት አይቀመጥም፤
ሠላሳ ዓመት ባቲ ግመል ያሻሻጠ፣
ጥርስ እየገለጠ፣ ጉልበት እየዳበሰ ዋጋ የቆረጠ።

ብሩ የኔ ነው። የአሥራ አራት ወር የሌሊት ፈረቃ፣
የኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ጣቃ በላይ ጣቃ፤
ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር ላንድ ቤት ሁለት ልጅ፣
ተገዝቶ አይደለም፤ ተገጥሞ በእጅ።

አምና ሙሄ የገጠመው ሰባት ቀን አበራ፤
በስምንተኛው መብራት ሄዶ፣
ሲመለስ እንደ አኩራፊ በር በርግዶ፣
ከጀርባው ጭስ ወጣ፣ ሽታው ሰፈር ጠራ።
ፓወር ሰፕላይ ተብዬው ብቻውን አልሞተም፤
ማዘርቦርዱን ጎተተ፣ ራም እንኳ አልተረፈም።

ዘንድሮ ወረቀት ላይ ጻፍን፤
ማታ ማታ ተጨቃጨቅን፣ ሰረዝን፣ ደለዝን፤
እሱ «ግራፊክስ ካርዱ» ሲል፣
እኔ «ቅድሚያ ለልቡ፣ ዋስትና ይኑረው» ስል።

ኑርዬ ከፈተና ማብሪያውን ነካ፤
መደርደሪያው በሙሉ ሠርግ ቤት ነው ለካ!
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ የሚሽከረከር፤
ሙሄ አፉን ከፈተ፣ ረሳ የጻፍነውን ነገር።
«ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት!
ሰው ተሻምቶ ወስዶ፣ የቀረችኝ ይቺ ናት፤
‹ወርቅ› ይላል፣ እዩት፣ ጎኑ ላይ ተጽፏል።»
ስቲከር ነው፤ ጠርዙ በጥፍር ተነሥቷል።

አባቴ መብራቱን አላየም፤
ፋሻ ውስጥ ላለ ሰው ሠርግ የሚባል የለም።
እጁን ዘረጋና፣ «እስቲ ስጡኝ» ይላል፤
«ዕቃ በዓይን አይገዛም፤ ዓይን ጉቦ ይበላል።»
በግራው ያን ሙሽራ፣ በቀኙ ሌላውን፣
ጥግ ላይ የተጣለ፣ ጥቁር፣ መብራት አልባውን፣
ከፍ አደረጋቸው፣ ዝቅ አደረጋቸው፣
እንደ ባቲ አሞሌ በክንዱ መዘናቸው።
ጆሮው ሥር ነቀነቀ፤
ገመዱን እንደ ጅማት በሁለት ጣቱ ጨመቀ።
«ይቺ» አለ ሙሽራዋን፣ «ባዶ ሆድ ናት፤
በገበያ ዋዜማ ጨው አልሰው፣ ውሃ የነፏት
ግመል ናት።
ደጋን ሳትደርሱ ትተኛባችኋለች።»
ኑርዬ ሳቀ፤ «አባባ፣ ይሄ እኮ ኤሌክትሪክ ነው!»
«ይሁና» አለ፤ «ሻጭስ ያው ሻጭ ነው።»

ሙሄ ስልኩን አወጣ፣ ሞዴሏን ፈለገ፤
ዝም አለ። ፊቱ ቀላ። ስልኩን ኪሱ አደረገ።

ጥቁሩን ወሰድን፣ ማኅተም ካለው ዋስትና ጋር፤
ለመብራቱም ዘበኛ ቀጠርን፣ አንድ ስታቢላይዘር።
የካርዱ ገንዘብ ታዲያ ጎደለ፤
«አዲሱ ይቅር» አልኩ፣ ሙሄም እያቃሰተ «እሺ» አለ፤
ሁለት ዓመት አገልግሎ ከሸዋ በር ፎቶ ቤት የወጣ፣
ማራገቢያው ደህና የሆነ፣ አሮጌ ካርድ ቤት መጣ።

ሆጤ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ገጥመን ስንጨርስ አንድ ብሎን ተረፈ፤
የቱ ጋ እንደጎደለ ስንፈልግ ሰዓቱ አለፈ።
«ተዪው» አለ ሙሄ። ተውኩት።
ጣቴን ማብሪያው ላይ ሳሳርፍ፣ ድርግም! ሰፈሩ ሁሉ ጠፋ፤
ሙሄ ግድግዳ ተደግፎ አንገቱን ደፋ።
አባቴ ሳቀ ከአልጋው፤ «አሁን እኩል ሆንን፤
እኔ ጋ እንዲህ ነው። ይለመዳል፣ ቀስ ካልን።»

በዳበሳ መጣና ከሳጥኑ ጎን ተቀመጠ፤
መዳፉን ብረቱ ላይ አጋድሞ አዳመጠ።
«በቀን ስንት ትበላለች?»
«ጨዋታ ሲከብዳት፣ እስከ አራት መቶ ዋት።»
«ሆዳም ናት» አለ፤ «ግን ሆዳም ሁሉ ሰነፍ አይደለም።»
ጠበቅን። የጎረቤት ሬዲዮም አልነበረም።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዘበኛው ቀጭ ሲል፣ መብራት መጣ፤
ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ከማንም ትንፋሽ አልወጣ።
እኔና ሙሄ ስክሪኑን ብቻ ስናይ፣
እሱ ቀድሞን አወቀ፣ መዳፉ ብረቱ ላይ፤
«ትተነፍሳለች» አለ።
ጥቂት ቆየና ደግሞ ጆሮውን አዘነበለ፤
«ግራ እግሯን ግን ታነክሳለች፣ ይንኳኳል አንድ ነገር፤
ያቺን ብሎን አምጧት፣ ቦታዋ እዚህ ነበር።»